አፈር የበላው ብረት

መጋቢት 2 ቀን 2016፣ ሰኞ

የእኛ ረመዳንና የክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም ዘንድሮ በአንድ ቀን ገቡ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት ፊት ለፊት ያለው ማኪያቶ ቤት አስተናጋጅ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ብቻውን ቆሟል። ፒያሳ እንዲህ ጭር ስትል አይቼ አላውቅም። ጭርታው ግን የጾም ብቻ አይደለም። የእኛ መስመር ወርቅ ቤቶች ክረምት ሳይገባ ይነሳሉ ተብለናል፤ ከኋላችን ያለው የዶሮ ማነቂያ ቁልቁለትም አብሮ ይነሳል።

ካፈጠርን በኋላ የባለቤቴ የኢልሀም ወንድም ረሻድ ከኢተያ ደወለ። እሱና ጎረቤቶቹ ተዋጥተው አሮጌ ትራክተር ገዝተዋል። ማረሻ አለው፣ መከስከሻ የለውም። ማረሻ መሬቱን ይገለብጠዋል እንጂ ጓሉን አያደቅቀውም፤ ጓሉ ካልደቀቀ ደግሞ ስንዴ አይዘራበትም። አምና የኪራይ መከስከሻ ሲጠብቁ ዝናቡ ቀደማቸው። ዘግይቶ የተዘራው ስንዴ ፍሬ ሳይቋጥር ቀረና ከብት ለቀቁበት።

"ዘንድሮም ከደገመን መሬቱን አከራይተን በገዛ ማሳችን የቀን ሠራተኛ መሆናችን ነው" አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መከስከሻ እንድፈልግላቸው ነው የደወለው። ሱቁ ከተነሳ እኔም ከነሱ ጋር እንድገባ ይፈልጋል።

"ወርቅ ሠሪ ስለ መከስከሻ ምን ያውቃል?" አልኩት።

"ሁለቱም እሳት ውስጥ ያለፉ ናቸው" አለኝ።

ስልኩን ስዘጋ ኢልሀም "እትዬ ደብሪቱ ግቢ ሸራ ለብሶ የተቀመጠው ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

አየሁት።

የእትዬ ደብሪቱ ግቢ ከሱቄ ጀርባ ነው፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ባላቸው ጋሽ ተክለሃይማኖት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የእርሻ መኪና መካኒክ ነበሩ። አጎቴ ዘንድ ወርቅ ሥራ ልማር ከደሴ ስመጣ ምሳዬን ያበሉኝ የነበሩት እትዬ ናቸው። ሥጋ በሚሠራበት ቀን ለእኔ በሌላ ድስት ሽሮ ይሠሩልኝ ነበር።

ሸራውን አብረን ገፈፍነው። ሃያ ዲስክ በሁለት ረድፍ ተደርድሯል። የፊቶቹ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ የኋላዎቹ ልሙጥ ናቸው። እያንዳንዱ እንደ ሰፌድ ጎድጎድ ያለ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሁለት ጣት የሚያዝ ነገር ስሠራ ኖሬ እንዲህ ያለ ብረት ፊት ቆምኩ። መስጊድ ስገባ እንደማደርገው ድምፄን ቀነስኩ። በእጄ ዳሰስኩትና ሱብሓን አላህ አልኩ። የሰው ልጅ መሬትን ለማሳመን ይህን ያህል ብረት ያስፈልገዋል?

ጋሽ ተክሌ ከተዘጋ የመንግሥት እርሻ በጨረታ ነው የገዙት። መሬት እናገኛለን ብለው ነበር፤ መሬቱ ሳይመጣ ሞት መጣ። ከዚያ ወዲህ ፒያሳ መሀል ቆሟል።

"የብረታ ብረት ነጋዴው አብርሃ በኪሎ ልውሰደው ብሎኛል፤ አቅልጦ የአጥር ብረት ሊያደርገው" አሉ እትዬ። "ላንተ ከሆነ ግን ለእርሻ ነው፣ ቅድሚያ ያንተ ነው። አይተህ፣ ፈትሸህ ውሰደው።"

"ምኑን እፈትሸዋለሁ እትዬ፣ የእርስዎ ዕቃ አይደል?" አልኳቸው።

ሸራውን መልሰው አለበሱት። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

መጋቢት 8፣ እሑድ

ረሻድ በስልክ አስተማረኝ። ሰውዬው ስለ ብረት ሲያወራ ቁርአን እንደሚያስቀራ ኡስታዝ ነው፤ ቃል አያስቀርም።

"ወላሂ ሱፊያን፣ ቀለም እንዳያታልልህ። ቀለም የሸፈነውን ፋቀው። ፍሬሙን ዙሪያውን በማርቴሎ ምታው፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ያጉረመርማል። ዲስኮቹ የተሰኩበትን ዘንግ ከሥር በቧንቧ ሽቅብ ግፋው። ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታ ማሳ መሀል ከተሰበረ ሰኔ አለቀ በለው። ከሰኔ በኋላ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ።"

አውቃለሁ አልኩት። ማርቴሎ ገዛሁ።

መጋቢት 11፣ ረቡዕ

ሄድኩ። ማርቴሎውን በፌስታል ጠቅልዬ። እትዬ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው። እሳቸውም እኔም በባዶ ሆድ። ወንበር አወጡልኝ።

እንዴት አድርጌ? ያጎረሰችኝ ሴት አጠገቤ ቆማ የሟች ባሏን ብረት እንደ ሌባ ልደበድበው? ሰው ምን ይለኛል? ፌስታሉን እንደያዝኩ ሐዋሳ ስላለችው ልጃቸው ስለ ምኞት ጠየቅኳቸው። ከዚያ ተሰናበትኳቸው።

"ፌስታሉ ውስጥ ምን ይዘሃል?" አሉኝ በር ላይ።

"ሚስማር ነው" አልኳቸው። በጾም አፌ።

መጋቢት 15፣ እሑድ

ሰፈሩ ሰምቷል። ዑዘይር፣ ጎን ለጎን ወርቅ ቤት ያለን ወዳጄ፣ ከሩቅ ሲያየኝ "እኛ ወደ ሞል፣ ሱፊያን ወደ ጓል!" ብሎ ጮኸ። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ "ለበሬዎቹ ጉትቻ ይሠራላቸዋል" አለ። ሳቅኩ። አራዳ ስትሰናበት እንኳ በተረብ ነው።

ሁሉም መሄጃውን ይናገራል፤ ማንም ቀኑን አይናገርም። እኔም ብሆን ገና ነኝ። መጀመሪያ ብረቱን በደንብ ማየት አለብኝ። ችኮላ ጥሩ አይደለም።

መጋቢት 20፣ ዓርብ

ከተራዊህ መልስ። ኢልሀም ተኝታለች።

ዛሬ ያየሁትን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። እትዬ ቤት ግድግዳ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ አንድ ዲስክ አለ። ጋሽ ተክሌ ግቢው ውስጥ አብረዋቸው የሚሠሩትን ሠራተኞች ለምሳ ሲጠሩ ይመቱት የነበረ ነው። ድምፁ ሱቄ ድረስ ይሰማ ስለነበር እኛም ሰዓታችንን በሱ እናውቅ ነበር። ዛሬ ልብ ብዬ ሳየው ያ ዲስክ መሬት ነክቶ የማያውቅ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ አለ። እትዬ ወደ ውስጥ ሲገቡ አወረድኩትና ከመከስከሻው ዲስክ ጋር አገጣጠምኩት። የመከስከሻው ዙሪያውን በሁለት ጣት አንሷል።

ሁለት ጣት ብረት። በሃያ ዲስክ ዙሪያ። የት ሄደ?

እኔ ወርቅ ሲያልቅ አውቃለሁ። አሮጊቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ሲያመጡልኝ ከውስጥ በኩል እንደ ወረቀት ሳስቶ አገኘዋለሁ። የሰው ጣት፣ ሳሙናና ሊጥ ያንን ያህል ወርቅ በዕድሜ ልክ ይበላሉ። ያንንም ስመለከት ይገርመኝ ነበር። ይኼ ግን ብረት ነው፤ እሳት ውስጥ ገብቶ የጠነከረ ብረት። የበላው ደግሞ አፈር ነው፤ በእጃችን ስንጨብጠው የሚበተነው፣ ከጫማችን የምናራግፈው። እናርስሃለን ስንለው እሱም በበኩሉ እኛን ሲሞርደን ኖሯል። ያ ሁሉ ብረት አሁን የሆነ ማሳ ውስጥ ነው። ከዚያ ማሳ በበቀለው ስንዴ ዳቦ የበላ ሰው ደግሞ ምናልባት ይህን የምጽፈው እኔው ነኝ።

መሬት ይህን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነች ማንም አልነገረኝም። አስፋልት ላይ ነው የኖርኩት።

ዲስኩን መልሼ ሳንጠለጥለው በስህተት ተጋጨ። ረጅም ድምፅ አወጣ። እትዬ ብቅ ብለው "ምነው፣ መምታት ጀመርክ እንዴ?" አሉ። ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

መጋቢት 26፣ ሐሙስ

ችኮላ ላይ ነኝ። ትናንት አመሻሹ ላይ፣ እትዬ ለጸሎት ሲወጡ፣ የዓይን ማጉያዬን ይዤ ገብቼ ነበር። የፍሬሙ ግራ ጥግ ላይ አረንጓዴው ቀለም ከሌላው አዲስ ነው። ወርቅ ሠሪ ደግሞ አዲስ ቀለም የሚቀባው ምን ለመሸፈን እንደሆነ ያውቃል። አልፋቅኩትም። ምልክት ይተዋል፤ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?

ረሻድ ደወለ። ፈተሽከው? አዎ። ኩሽኔታውስ? ደህና ነው። ፍሬሙስ? ደህና ነው።

የእነዚያ ሁሉ ቤተሰቦች ዓመት በእኔ "ደህና ነው" ላይ ቆሟል። ኢልሀም ጓዳ ሆና ሰምታኛለች። "ብረቱን ነው የምትፈራው ወይስ መሄዱን?" አለችኝ። ጾም ላይ ነኝ፣ አትጨቅጭቂኝ አልኳት።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

ዒድ። ጠዋት ሰላት ወጥተን መጣን። እትዬ እሳቸው በጾም ላይ ሆነው ለልጆቹ ከረሜላና ብስኩት ይዘው መጡ። የክርስቲያን ሰው በጾሙ መሀል የእኛን ዒድ ሲያደምቅልን እኔ ሁልጊዜ እገረማለሁ፤ መልመድ ነበረብኝ፣ አልለመድኩም።

"ብረቱን አየኸው?" አሉኝ ኢልሀም ዘወር ስትል።

"አየሁት፣ በጣም ጥሩ ነው።"

"እንዴት አወቅህ?"

"ያስታውቃል እኮ እትዬ።"

ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። የጋሽ ተክሌን ዕቃ መሸጥ ከብዷቸው ይሆናል። ከእንግዲህ ባላነሳባቸው ይሻላል።

ሚያዝያ 11፣ ዓርብ

ከሰዓት ዶፍ ጣለ። ወደ ግቢው ስሮጥ ሸራው ተገፍፎ ተጣጥፏል፤ መከስከሻው ላይ ደግሞ የጋሽ ተክሌ ትልቁ ማርቴሎ ተቀምጧል። እትዬ እያረጁ ነው፣ ዕቃ ውጭ መርሳት ጀምረዋል። ማርቴሎውን ጠራርጌ አስገባሁላቸው፣ ሸራውንም መልሼ አለበስኩት።

በረንዳ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። አመሰግናለሁ እንኳ አላሉም። ሰው ቤቱን ሊለቅ ሲል እንዲህ ይሆናል፤ አልተቀየምኳቸውም።

ሚያዝያ 19፣ ቅዳሜ

የሱቁን የኋላ ግድግዳ መደርደሪያ ሳወርድ የእትዬን ድምፅ ሰማሁ። ከጎረቤታቸው ከእንቁ ጋር ናቸው።

"ምጽዋት አልጠየቅሁም። ገላን ምትክ ቤት ሰጥተውኛል፣ ልጅ አለችኝ። ለማኝ አደረገኝ እኮ!"

ማን እንዲህ እንዳስከፋቸው አላወቅኩም። ዕቃ ለማጓጓዝ የመጣ ሰው ይሆናል። ማወቅ ነበረብኝ፤ አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን።

ረሻድ በቀን ሁለቴ ይደውላል። ኢተያ ማረስ ጀምረዋል። ጓሉ የሰው ጭንቅላት ያክላል ይላል።

ሚያዝያ 27፣ እሑድ

ፋሲካ። ከአትክልት ተራ በኩል ብርቱካንና ሙዝ ገዝቼ እንኳን አደረስዎት አልኳቸው። ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ። "ስለ ብረቱ በዓሉ ይለፍና እንነጋገራለን" አሉ። አነጋገራቸው የሱቅ ደንበኛ ዓይነት ነበር።

ሚያዝያ 30፣ ረቡዕ

አልሸጥልህም አሉኝ።

እንዴት እንደነበር ከነቃሉ ልጻፈው። ክፍያውን ይዤ ነው የሄድኩት። የጠሩትን ዋጋ ሳልከራከር፣ እንዲያውም ጨመር አድርጌ። እትዬ ብሩን አልነኩትም።

"አብርሃ ቅዳሜ ይወስደዋል" አሉ።

"ለእኔ ብለውኝ አልነበረም እንዴ?"

"ብዬህ ነበር። አንተ ግን ብረት ልትገዛ አልመጣህም። ለእኔ አዝነህ ነው የመጣኸው።"

"ኧረ እትዬ!"

"ዝም በል እስኪ፣ እኔ ሁለት ወር ዝም ብያለሁ። ተክሌ ሊገዛው ሲል ሥሩ ገብቶ ሲደበድበው የእርሻ ጣቢያውን ሰው አስመርሮ ነበር። እያንዳንዷን ቡሎን ነው የነካካው። አንተ ግን አንዴ እንኳ አልመታኸውም። ማርቴሎውን ያወጣሁልህ ለምን መሰለህ? ዝናብ እንዲጠጣ ነው? ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ብቻ። ሳያዩ ጥሩ ነው የሚባለው ለነፍስ የሚሰጥ ነገር ነው። ቤቴን ልለቅ ነው እንጂ እጄን ለማንም አልዘረጋሁም።"

"ይሉኝታ ይዞኝ ነው እትዬ። እንዴት ፊትዎ ቆሜ ልምታው? እናቴ ማለት ነዎት።"

እንዲህ ስላቸው ቁጣቸው በረደ፣ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም።

"እኔ ወርቄን ይዤ ሱቅህ ስመጣ ድንጋይህ ላይ ሳታሽ ተቀብለኸኝ ታውቃለህ?"

ለምኞት ሠርግ የእናታቸውን ድሪ ሲያመጡ ፊታቸው ላይ መፈተኛ ድንጋዬ ላይ አሽቼዋለሁ፤ አሲድ ጠብ አድርጌበታለሁ። ለማንም ሰው የማደርገው ነው። ለአጎቴም አድርጌዋለሁ።

"አሸኸው" አሉ። "ተቀየምኩህ?"

"አልተቀየሙም።"

"ለምን ይመስልሃል? ወርቅ ነዋ ያመጣሁት!"

ከዚያ ብሩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው ተነሱ። ቅዳሜ አብርሃ ከሰዓት ይመጣል፤ ጠዋት ግቢው ክፍት ነው አሉና ገቡ።

ግንቦት 1፣ ሐሙስ

ሥራ አልሠራሁም። ለኢልሀም ነገርኳት። "እኔም እኮ ሁለት ወር ይህንኑ ስልህ ነው የኖርኩት" አለች። አላለችም ነበር። ወይም ብላኝ ይሆናል፣ እኔ ሌላ ነገር ነው የሰማሁት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያንን ብረት ከፈተሽኩት ሌላ የምጠብቀው ነገር የለም። ሱቁን መዝጋት ነው። ይኼን እዚህ ልጻፈውና ይለፍ።

ለረሻድ ደውዬ እውነቱን ነገርኩት፤ እንዳልፈተሽኩት፣ ዋሽቼው እንደነበር። "ቅዳሜ ፈትሽና ያየኸውን ንገረኝ። መጥፎ ከሆነም መጥፎ ነው በለኝ፤ ሌላ ፍለጋ ገና አለን" አለኝ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ግንቦት 3፣ ቅዳሜ

ቢስሚላህ ብዬ ገባሁ። ማርቴሎው በፌስታል አልነበረም፤ በእጄ ይዤው በዋናው በር ነው የገባሁት። እትዬ አሮጌ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው ይጠብቁኛል። ሸራው ተገፍፏል።

"በል እሸው" አሉኝ።

የመጀመሪያውን መታሁ። ብረቱ ጮኸ። ድምፁ በግቢው ዞሮ፣ ግድግዳውን አልፎ፣ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። በየበሩ ሰው ብቅ ብቅ አለ። ዕቃ ሲጭኑ የነበሩት ሁሉ ቆሙ። ጋሽ ተክሌ ከሞቱ ወዲህ ከዚህ ግቢ የማርቴሎ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። እንቁ አጥሩ ላይ ቆማ "ምሳ ደረሰ እንዴ?" ብላ ስትጠይቅ እትዬ ሳቁ።

ዙሪያውን መታሁት። ወርቅ ሠሪ ጆሮው ደህና ነው፤ ሐሰተኛ ቀለበት ባንኮኒ ላይ ሲወድቅ እናውቀዋለን። አንዱም አላጉረመረመም። ግራ ጥጉ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

"እዚህ ጋ ቀለሙ አዲስ ነው" አልኳቸው። ከወር በላይ ሳልናገረው የቆየሁት ቃል ነበር።

"ፋቀዋ!"

በሞረድ ፋቅኩት። ብየዳ አለ። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩት። "ተክሌ ነው የበየደው፤ መብራት የያዝኩለት እኔ ነኝ። ቀለሙን የቀባሁት ዝገት እንዳይገባው ነው። ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር።" ማጉያዬን አድርጌ መረመርኩት። ብየዳው ዳር እስከ ዳር እኩል ነው፣ ከጀርባውም ወፍራም ብረት ደግፈውታል። መታሁት፣ ጮኸ። እንዲህ ያለ ሥራ እኔ በብር ላይ ስሠራ እንኳ ሁልጊዜ አይሳካልኝም።

ከዚያ የኩሽኔታውን ክዳን ፈታሁ። ደርቆና ጠቁሮ የማገኘው መስሎኝ ነበር። ውስጡ ያለው ግራሶ ግን ንጹሕ፣ ቢጫ፣ እንደ አዲስ ቅቤ ነው። ወደ እትዬ ቀና አልኩ።

"በየሙት ዓመቱ እሞላዋለሁ" አሉ፣ ሌላ ቦታ እያዩ። "ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አስፈታዋለሁ፣ ከሰዓት ፓምፑን ይዤ ሥሩ እገባለሁ። እሱ እንዲህ ሲያደርግ አይ ነበር። መሬት ባይነካም እንዳይደርቅ ብዬ።"

ተንበርክኬ እንዳለሁ ቀረሁ። በዚያ ግድግዳ ማዶ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጫለሁ። በዓመት አንድ ቀን አንዲት ሴት እዚህ ብረት ሥር ተኝታ ለማይታረስ መሬት ግራሶ ስትሞላ አልሰማሁም። ይህን ሳልፈትሽ ልገዛው ነበር። ብገዛው ኖሮ መቼም አላውቀውም ነበር።

እንባዬን በክንዴ ጠረግኩና ቧንቧውን አነሳሁ። ዘንጎቹን ሽቅብ ገፋሁ። ሁለት ቦታ ላይ ተወዛወዘ።

"እትዬ፣ እዚህና እዚያ ያሉት ኩሽኔታዎች ላልተዋል። ይቀየራሉ።"

ይከፋቸዋል ብዬ ነበር። መጥተው ቧንቧውን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው ገፉት።

"እውነትህን ነው" አሉ። ፊታቸው እንዴት እንደበራ! "ታዲያ ይቀንሱልኝ በለኛ!"

"ይቀንሱልኝ።"

"ለሁለት ኩሽኔታ ይህን ያህል አልቀንስም።"

ተከራከርን። እንደ ማንም ገዢና ሻጭ፣ ወገባችንን ይዘን፣ አምላክን እየጠራን። ልሄድ ብዬ በር ድረስ ወጣሁ፣ መለሱኝ። አብርሃ ሲመጣ ገና አልጨረስንም ነበር። ሁኔታችንን አየና "እኔ ልሂድ" ብሎ ተመለሰ። በመጨረሻ ሁለታችንም ተጎዳን ብለን እጅ ተመታታን።

ለረሻድ ያየሁትን ሁሉ፣ ብየዳውንም ኩሽኔታዎቹንም ነገርኩት። "አሁን ገና ፈተሽከው" አለኝ።

ግንቦት 11፣ እሑድ

መከስከሻው አይሱዙ ላይ ተጫነ። ኩሽኔታዎቹን መርካቶ አግኝቼ አስቀይሬያለሁ። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ወጥቶ አነሳው። "ፒያሳ አርሳ ሄደች በሉ!" አለ ዑዘይር፤ ድምፁ ግን መሀል ላይ ተሰበረ። እትዬ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለውን ዲስክ አልሸጡም። "ይሄ የእኔ ነው፤ ገላን አራተኛ ፎቅ ላይ እሰቅለዋለሁ" አሉ። ጎረቤቶቻቸው ይጠንቀቁ።

ከሰዓት ሱቄን ዘጋሁ። ስለሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ግንቦት 28፣ ረቡዕ። ኢተያ

እትዬ ብረቱ ሲሠራ ሳላይ አልሞትም ብለው ትናንት ከኢልሀም ጋር መጡ።

ዛሬ ጠዋት ማሳው ላይ ረሻድ መከስከሻውን ከትራክተሩ ጋር ከማያያዙ በፊት ማርቴሎ አነሳ። ዙሪያውን መምታት ጀመረ። ደሜ ፈላ። እኔ ፈትሼው፣ ያየሁትን አንድ በአንድ ነግሬው! አፌን ልከፍት ስል እትዬ ክንዴን ያዙኝ።

"ተወው፣ ይምታው" አሉ። "አንተም ወርቅ ነው ያመጣኸው።"

ረሻድ ብየዳው ጋ ሲደርስ ሁለቴ መታው። አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አያያዘው።

ትራክተሩ ሲጎትተው ዲስኮቹ መጀመሪያ እንደ ሰነፍ ተንከባለሉ። ረሻድ ዝቅ ሲያደርገው አፈሩን ነከሱ። ያ የሰው ጭንቅላት የሚያክል ጓል ፊታቸው ሲደርስ ተሰንጥቆ፣ ተገልብጦ፣ ደቅቆ ከኋላቸው ይፈስሳል። ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ሽታው ፒያሳ ውስጥ ዝናብ ሲጀምር ለትንሽ ጊዜ ብቻ የሚመጣው ሽታ ነው። እዚህ ግን አያልቅም። ገበሬዎቹ ከኋላው ይከተላሉ። እየጎነበሱ አፈሩን ያፍሳሉ፣ በጣታቸው ያሻሉ። እኔ ወርቅን እንዲያ ነው የማሸው።

ዞሮ ሲመለስ ዝገቱ የለም። ያ ሁሉ ዓመት የጠቆረው ዲስክ በአንድ ዙር ነጭ ሆኗል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጥበረብራል። እኔ አንዲት ቀለበት ለማንጻት ግማሽ ቀን እሠራለሁ። አፈር ግን ይህን ሁሉ ብረት በአንድ ጊዜ ወለወለው። እየበላውም ነው፤ አውቃለሁ፣ ለክቼዋለሁ። ሲበላው ግን እንዲህ አሳምሮ ነው የሚበላው።

ረሻድ ትራክተሩን አቆመና ወረደ። ማንም ሳይጠራቸው እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ የደቀቀውን አፈር በባዶ እግራቸው እየረገጡ ሄዱ። የመጨረሻው ዲስክ ጋ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ዘረጉበት። ከኋላቸው ደርሼ ቆምኩ። ምን እንደሚሉ ጠበቅኩ።

"ሞቋል" አሉኝ። "እኔ በነካሁት ቁጥር ቀዝቃዛ ነበር።"

እጃቸውን አላነሱም። ረሻድም ሞተሩን ሳያስነሳ ጠበቃቸው።